ሸረሪት በግሪክ አፈ ታሪክ ከየት መጣች? ስለ አራክኔ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በግሪክ አፈ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሸረሪት ማን ናት?

አራክኔ የምትባል፣ በዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ የነበረችው የልድያ ምድር ወጣት ሸማኔ ናት። የጥበብና የእጅ ሥራ እንስት አምላክ ከሆነችው ከአቴና ጋር በሽመና ተወዳድራ፣ ከውድድሩ በኋላ በአቴና እጅ ወደ ሸረሪትነት ተለወጠች፤ ዘሮቿም ሁሉ በዚያው መልክ ድር ሲያደሩ እንዲኖሩ ተፈረደባቸው። በጥንታዊው ግሪክኛ ሸረሪት የምትጠራውም በዚሁ ስም ነው።

ታሪኩን ለእኛ ያደረሰው ማን ነው?

ታሪኩ የግሪክ ቢባልም ሙሉውን የምናገኘው ከአንድ ሮማዊ ባለቅኔ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት የተወለደው ኦቪድ፣ በላቲን ቋንቋ በጻፈውና 15 መጻሕፍትን በያዘው «ሜታሞርፎሲስ» በተባለው ታላቅ ግጥሙ፣ የስድስተኛውን መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን 145 መስመሮች ለአራክኔ ሰጥቷል። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ8 ዓ.ም. አካባቢ ተጠናቀቀ፤ በዚያው ዓመትም አውግስጦስ ቄሳር ባለቅኔውን በጥቁር ባሕር ዳርቻ ወደነበረችው ቶሚስ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ የሩማኒያ ከተማ ኮንስታንጻ፣ አጋዘው። ይህን ግዞት እናስታውሰው፤ ስለ ታሪኩ ትርጉም ስንነጋገር መምጣቱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ የኦቪድ ፈጠራ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ከእርሱ አንድ ትውልድ ያህል ቀድሞ የጻፈው ቨርጂል፣ ስለ ግብርና በደረሰው ግጥሙ ንብ አርቢዎችን ከሚያስጠነቅቅባቸው ተባዮች መካከል ሸረሪትን ሲጠቅስ «በሚነርቫ ዘንድ የተጠላች» ይላታል። ሚነርቫ የአቴና የሮማ ስሟ ነው። አንባቢው የጥላቻውን ምክንያት አስቀድሞ ባያውቅ ኖሮ እንዲህ ያለ አጭር ጥቆማ ትርጉም አይኖረውም ነበር። ኦቪድም እንደ ቨርጂል አማልክቱን በሮማ ስሞቻቸው ይጠራል፤ እዚህ ግን ለአንባቢ ይቀል ዘንድ አቴና፣ ዜውስ፣ ፖሲዶን እያልን በግሪክ ስሞቻቸው እንቀጥላለን።

አራክኔ ከየት ነበረች? የማንስ ልጅ ናት?

ኦቪድ ስለ ትውልዷ ሲጽፍ አጥብቆ የሚነግረን ዝናዋ ከዘሯም ከአገሯም ያልመጣ መሆኑን ነው። አባቷ ኢድሞን የኮሎፎን ሰው ሲሆን የሚተዳደረው ሱፍ በፎቄያ ሐምራዊ ቀለም በመንከር ነበር። እናቷ እንደ ባሏ ከተራው ሕዝብ የወጣች ነበረች፤ ታሪኩ ሲጀምር ግን በሕይወት የለችም። አራክኔ የምትኖረው ሂፔፓ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ በትሞሎስ ተራራ ደቡባዊ ግርጌ፣ በዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ ነበር። ከተራራው በስተ ሰሜን የልድያ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ሰርዴስ ትገኛለች።

የአባቷ ሙያ ያለ ምክንያት የተመረጠ አይመስልም። ሐምራዊው ቀለም የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣዎች ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ከ12,000 ቀንድ አውጣዎች ያገኘው ንጹሕ ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር። ኢድሞን ማለት እንግዲህ ባለጠጎች ብቻ የሚለብሱትን ቀለም በእጁ እያገላበጠ ራሱ ግን ከተራው ሕዝብ ሳይወጣ የኖረ ሰው ነው። የልድያ ምድር በቀለም ሥራ መታወቋ ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የምትጠቀሰዋ ቀይ ሐር ሻጭ ልድያ የመጣችባት ትያጥሮን የዚሁ ምድር ከተማ ናት።

ኒምፎች፣ ማለትም የወንዝና የተራራ መናፍስት፣ የትሞሎስን የወይን ቦታና የፓክቶሎስን ወንዝ እየተዉ ሥራዋን ለማየት ወደ ሂፔፓ ይመጡ ነበር። ያለቀውን ጨርቅ ብቻ ለማየት አልነበረም የሚመጡት። ጥሬውን ሱፍ ስታድቦለቡል፣ ደመና የመሰለውን ባዘቶ እየጎተተች በጣቶቿ ስታለሰልስ፣ እንዝርቱን በአውራ ጣቷ ስታሾር፣ በመርፌም ስትጠልፍ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ኦቪድ ውበቱን በተጠናቀቀው ልብስ ላይ ብቻ ሳይሆን በእጇ እንቅስቃሴ ላይም ማየቱ፣ በእኔ ግምት፣ ሥራውን በቅርብ ያየ ሰው መሆኑን ያሳያል።

ከአቴና ጋር ያጣላት ምንድን ነው?

የሚያዩዋት ሁሉ ያስተማረቻት አቴና መሆን አለባት ይሉ ነበር፤ አራክኔ ግን ይህን አጥብቃ ትክዳለች። «ትምጣና ትወዳደረኝ፤ ከተሸነፍኩ የፈለገችውን ታድርገኝ» እስከ ማለትም ደረሰች። አቴና በበኩሏ ይህን የሰማችው የሙሴዎችን፣ ማለትም የዜማና የቅኔ እንስት አማልክትን፣ ታሪክ አዳምጣ ስታበቃ ነው፤ ሙሴዎቹ በዜማ የተፎካከሯቸውን የፒየሮስን ሴቶች ልጆች ወደ ወፍነት እንደለወጧቸው ሲተርኩላት አመስግናቸው ነበር። ሌሎችን ማመስገን ብቻ አይበቃም፣ እኔም ልመስገን፣ የእኔንም ክብር የሚንቅ ሳይቀጣ አይቅር ብላ ስታስብ አራክኔ ትዝ አለቻት። ውድድሩ ሳይጀመር ቅጣቱ ታስቦ ነበር ማለት ነው፤ ብዙዎቹ አጫጭር ትረካዎች ይህን ዘለው ያልፋሉ።

አቴና በመጀመሪያ የመጣችው ሽበታም አሮጊት መስላ፣ በበትር እየተደገፈች ነው። ዕድሜ የሚያመጣው ሁሉ የሚሸሽ እንዳልሆነ፣ ልምድም ከዕድሜ ጋር እንደሚመጣ ነግራት፣ «ልጄ፣ ከሰዎች መካከል አንደኛ ልሁን በይ፤ ለአምላኳ ግን ቦታዋን ልቀቂላት፣ ይቅርታም ለምኛት፣ ብትለምኛት ይቅር ትልሻለች» ብላ መከረቻት። አራክኔ የጀመረችውን ክር ጥላ በቁጣ አፈጠጠችባት፤ እጇንም ከመሰንዘር የተቆጠበችው በጭንቅ ነበር። «ብዙ መኖር አእምሮሽን ጎድቶታል፤ ይህን ምክር ምራት ወይም ሴት ልጅ ካለችሽ ለእነርሱ ንገሪያቸው፣ እኔ ራሴን መምከር አያቅተኝም። ደግሞስ እርሷ ራሷ ለምን አትመጣም?» አለቻት። አሮጊቷ «መጥታለች» ብላ መልኳን ገለጠች። ኒምፎቹና የአገሩ ሴቶች ሲሰግዱ አራክኔ ብቻዋን ሳትፈራ ቆመች፤ ፊቷ ሳትፈልግ ቀላ፣ ወዲያውም ገረጣ። አቴናም ሁለተኛ ምክር ሳትጨምር ውድድሩ ተጀመረ።

ሁለቱ የሸመኑት በምን ዓይነት ዕቃ ነው?

በአገራችን ሸማኔ ብለን የምናስበው ብዙውን ጊዜ ወንድ ሆኖ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ አግድም በተዘረጋ ድር ላይ የሚሠራ ነው። በጥንታዊት ግሪክ ቤት ውስጥ ግን ሽመና በዋናነት የሴት ሥራ ነበር፤ ዕቃውም ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሲሆን ድሩ ከላይኛው አግዳሚ እንጨት ላይ ታስሮ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ እንዲወጠርም የሸክላ ክብደት ይታሰርበታል። እነዚህ ክብደቶች በግሪክ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮዎች በብዛት ይገኛሉ። ኦቪድ ውድድሩን ሲተርክ ድሩ ከእንጨቱ ጋር ሲታሰር፣ ማጉ በመወርወሪያ ውስጥ ለውስጥ ሲያልፍ፣ የማበጠሪያው ጥርስም መትቶ ሲያጠብቀው እያንዳንዱን ደረጃ ይገልጻል፤ ሁለቱም ልብሳቸውን ከደረታቸው በታች አስረው፣ ድካም ሳይሰማቸው በፍጥነት ይሠሩ ነበር። ቀለሞቹ እንደ ቀስተ ደመና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፉበት ድንበር አይለይም፤ በመካከላቸውም የወርቅ ክር ይገባል።

በጨርቆቹ ላይ ምን ታየ?

የታሪኩ ልብ ያለው እዚህ ነው። አቴና የሸመነችው የራሷን ድል ነው። በአቴንስ ከተማ ስያሜ የተነሣው ክርክር በሚታይበት በዚህ ጨርቅ ላይ አሥራ ሁለቱ አማልክት በከፍተኛ ዙፋኖች ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ዜውስ ንጉሣዊ ግርማ ተላብሶ ይታያል። ፖሲዶን በሦስት ጣት ጦሩ ዐለት መትቶ የባሕር ውኃ ያፈልቃል፤ አቴና ደግሞ ጋሻና ጦር ይዛ፣ የራስ ቁር ደፍታ፣ ከምድር ፍሬ የያዘ የወይራ ዛፍ ታበቅላለች፤ አማልክቱም ይደነቃሉ። ተቀናቃኟ ምን እንደሚጠብቃት ትረዳ ዘንድ በአራቱ ማዕዘናት አማልክትን የተፎካከሩ ሰዎች ተሸመኑ፤ ወደ ተራራነት የተለወጡት ሮዶፔና ሐይሞስ፣ ወደ ወፍነት የተለወጡ ሁለት ሴቶች፣ የቤተ መቅደስ ደረጃ የሆኑ ልጆቹን አቅፎ የሚያለቅሰው ኪኒራስ። ዙሪያውን የሰላም ምልክት የሆነው የወይራ ቅጠል ከበበው። በሥርዓት የተደረደረ፣ መካከሉና ዳሩ የታወቀ ሥራ ነው።

የአራክኔ ጨርቅ መካከል የለውም። አማልክት መልካቸውን እየለወጡ ሴቶችን ያታለሉባቸው 21 ታሪኮች አንዱ በአንዱ ላይ ይፈስሳሉ፤ ዘጠኙ የዜውስ፣ ስድስቱ የፖሲዶን፣ አራቱ የአፖሎ፣ የቀሩት የዲዮኒሶስና የክሮኖስ ናቸው። ዜውስ ለሌዳ የዳክዬ ዘመድ የሆነውን ነጭ ወፍ፣ ለዳናኤ የወርቅ ዝናብ፣ ለአልክሜኔ የገዛ ባሏን መስሎ ይታያል። ኦቪድ ከሁሉ አብልጦ የሚቆየው ዜውስ በሬ መስሎ በወሰዳት በዩሮፓ ላይ ነው። በሬውም ባሕሩም እውነተኛ ይመስላሉ፤ በበሬው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ የተለየችውን ምድር ዘወር ብላ ታያለች፣ ጓደኞቿን ትጣራለች፣ የሚረጨው ውኃ እንዳይነካትም ፈርታ እግሮቿን ትሰበስባለች። በአቴና ጨርቅ ላይ ማንም እግሩን አይሰበስብም። እኔ ሁለቱን ሥራዎች የማወዳድረው በዚህች ትንሽ ነገር ነው።

ያሸነፈችው ማን ናት?

ብዙ የልጆች መጻሕፍት አራክኔ ተሸነፈች ብለው ይጽፋሉ። የኦቪድ ጽሑፍ እንዲህ አይልም። ዳኛ አልተሰየመም፣ ፍርድም አልተሰጠም፤ ግጥሙ የሚለው በዚያ ሥራ ላይ አቴናም ሆነች ቅናት ራሱ እንከን ሊያወጡ አለመቻላቸውን ነው። አቴና የተቆጨችውም በተቀናቃኟ ውድቀት ሳይሆን በስኬቷ ነው፤ የአማልክት ወንጀል የተሣለበትን ያንን ጨርቅ ቀደደችው፣ በእጇ በነበረው የመወርወሪያ እንጨትም የአራክኔን ግንባር ሦስት አራት ጊዜ መታችው። ቢያንስ እኩል የወጣችን ሰው «ተሸናፊ» ማለት ለታሪኩ ሌላ ታሪክ መስጠት ነው።

ወደ ሸረሪትነት የተለወጠችው እንዴት ነው?

አራክኔ ውርደቱን መታገሥ አቅቷት አንገቷ ላይ ገመድ አሰረች። አቴና ስታያት አዘነችላትና ደግፋ አነሣቻት፤ ሆኖም «ኑሪ፣ ነገር ግን ተንጠልጥለሽ ኑሪ፤ ይህም ቅጣት ለዘርሽ ሁሉ ይሁን» ብላ ፈረደችባት። ምሕረትና ቅጣት እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መገናኘታቸው የኦቪድ ልዩ ችሎታ ነው። ከዚያም የጥንቆላ እንስት አምላክ የሆነችውን የሄካቴን ዕፅ ጭማቂ ረጨችባት። መርዙ እንደነካት ጸጉሯ ረገፈ፣ አፍንጫዋና ጆሮዎቿ ጠፉ፣ ራሷ አነሰ፣ መላ ሰውነቷም ተኮማተረ፤ ቀጫጭን ጣቶቿ በጎኗ ተጣብቀው እግር ሆኑ፣ የቀረው ሁሉ ሆድ ሆነ። ከዚያው ሆድ ክር እያወጣች የቀድሞ ሙያዋን ቀጠለች። ከእርሷ ያልተወሰደው ብቸኛ ነገር ሥራዋ ነው።

ስለ ሸረሪት አመጣጥ ሌላ የግሪክ ታሪክ አለ?

አለ፤ ከዚህኛው ጋር ግን እምብዛም አይመሳሰልም። ግሪካዊው ባለቅኔ ኒካንድሮስ ስለ መርዛማ እንስሳት በጻፈው ግጥም ላይ ጥንታውያን ሊቃውንት ያሰፈሩት ማብራሪያ እንደሚለው፣ አራክኔና ፋላንክስ የአቴንስ እኅትና ወንድም ነበሩ። አቴና ለወንድምየው የጦር መሣሪያ አያያዝን፣ ለእኅትየዋ ሽመናን አስተማረች፤ ሁለቱ ግን እንደ ባልና ሚስት ተገናኙ። አቴናም ተጸይፋቸው፣ በገዛ ልጆቻቸው የሚበሉ ፍጥረታት አድርጋ ለወጠቻቸው። የቅጣቱ ዓይነት ከአየር የተወሰደ አይደለም፤ አርስቶትልም የአንዳንድ ሸረሪት ግልገሎች ሲያድጉ እናታቸውን ከብበው እንደሚገድሏት ጽፏል፤ ዛሬም ስቴጎዲፈስ በሚባለው ወገን ውስጥ ግልገሎች እናታቸውን እንደሚበሉ በሚገባ ይታወቃል።

ሮማዊው ፕሊኒ በበኩሉ በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ የልዩ ልዩ ጥበባት ፈልሳፊዎችን ሲዘረዝር፣ የተልባ እግር ክርንና መረብን ለአራክኔ፣ የሱፍ እንዝርትን ደግሞ ለልጇ ይሰጣል። በዚህ ውስጥ አምላክም ቅጣትም የለም።

ታሪኩ ስለ ትዕቢት ቅጣት ነው ማለት ይቻላል?

በከፊል። አራክኔ ታበየች፣ አሮጊት ሰደበች፣ ይቅርታ መለመንንም አልፈቀደችም፤ በጥንታውያኑ አስተሳሰብ ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ኦቪድም ወዲያው አስከትሎ የሚተርከው እንዲሁ በትዕቢቷ ስለተቀጣችው ስለ ንግሥት ኒዮቤ ሲሆን፣ ኒዮቤ በልጅነቷ አራክኔን ታውቃት ነበር፣ ከቅጣቷ ግን ትምህርት አልወሰደችም ይለናል።

ይህ ንባብ ግን ጨርቆቹን ይረሳል። በአቴንስ ከተማ ለአቴና በሚከበረው በፓናቴናያ በዓል ሴቶች የሸመኑት ልብስ ለጥንታዊው የወይራ እንጨት ምስሏ ይቀርብ ነበር፤ በልብሱም ላይ አማልክት ግዙፋኑን ድል ሲነሡ ይታያል። ሽመና አማልክትን ማመስገኛ ነበር ማለት ነው፤ አራክኔ ያንኑ ጥበብ መክሰሻ አደረገችው። አቴና የቀደደችውም ክሱን እንጂ መጥፎ ሽመናን አይደለም። ስለዚህ ታሪኩን በሥልጣን ፊት ስለቆመ የጥበብ ሰው የተጻፈ አድርገው የሚያነቡት ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ራሱ ኦቪድ ለግዞቱ «አንድ ግጥምና አንድ ስሕተት» ምክንያት መሆናቸውን ጽፏል። ግጥሙ ቀድሞ ያሳተመው የፍቅር ጥበብ ማስተማሪያው እንጂ ይህ አይደለም፤ የአራክኔን ታሪክ ስለ ግዞቱ ትንቢት አድርጎ መቁጠርም ከማስረጃው ማለፍ ይሆናል። ሆኖም ሥራዋ የተቀደደባትን ሸማኔ በዚያ ዓይነት ርኅራኄ የጻፈው ሰው፣ ሥራው ለገዥ ሊያስቆጣ እንደሚችል የማያውቅ የዋህ አልነበረም።

ግሪኮች ሸረሪት በእርግጥ ሰው ነበረች ብለው ያምኑ ነበር?

የተማሩት ስለ ሸረሪት የሚከራከሩት በሌላ ጉዳይ ነበር። ፈላስፋው ዲሞክሪቶስ ክሩ ከሸረሪቷ ሰውነት ውስጥ እንደ ጽዳጅ ይወጣል ሲል፣ አርስቶትል ደግሞ አይደለም፣ ከላይ ከሰውነቷ እንደ ቅርፊት ይለቀቃል ብሎ ተቃወመው። ዛሬ የምናውቀው ክሩ በሆዷ ውስጥ ባሉ ዕጢዎች ፈሳሽ ሆኖ ተሠርቶ፣ በሆዷ ጫፍ ባሉ ትናንሽ መፍተያዎች በኩል ጠንክሮ እንደሚወጣ ነው፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ዲሞክሪቶስ፣ ባለቅኔው ኦቪድም ሳይቀር፣ ከአርስቶትል ይልቅ ለእውነቱ ቀርበው ነበር። የሳይንስ ሊቃውንትም ሸረሪትን፣ ጊንጥንና መዥገርን የሚያጠቃልለውን ክፍል አራክኒዳ ብለው በዚህችው ሸማኔ ስም ሰይመውታል።

ታሪኩ በኋለኛው ዘመን ጥበብ ውስጥ የት ይገኛል?

ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ በ«መንጽሔ» 12ኛ ምዕራፍ ትዕቢተኞች በሚነጹበት እርከን ወለል ላይ፣ ግማሽ አካሏ ሸረሪት ሆኖ በተቀደደው ሥራዋ ላይ ያዘነች አራክኔን ተቀርጻ ያያታል። ከሥዕል ወገን ታላቁ ሥራ በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም የሚገኘው፣ በ1650ዎቹ ማብቂያ አካባቢ የተሣለው የስፔናዊው ሠዓሊ የቬላስኬዝ «ፈታዮቹ» ነው። ሥዕሉ ለረጅም ጊዜ ተራ የሽመና ፋብሪካን የሚያሳይ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ግን በ1664 የተዘጋጀ የንብረት መዝገብ «የአራክኔ ተረት» ብሎ እንደሚጠራው ታወቀ። ከፊት ለፊት ያሉት ሴቶች ሱፍ ይፈትላሉ፤ ከኋላ በብርሃን በተሞላው ክፍል የራስ ቁር የደፋችው አቴና እጇን አንሥታ ቆማለች፤ ከበስተጀርባ የተሰቀለውም ጨርቅ የዩሮፓን ታሪክ ይዟል። ያ ምስል የቬላስኬዝ ፈጠራ ሳይሆን በወቅቱ በስፔን ቤተ መንግሥት ከነበረው ከቲሺያን ሥዕል የተወሰደ ነው። ቬላስኬዝ የሚያከብረውን የቀድሞ ሠዓሊ ሥራ ያኖረው በአራክኔ ጨርቅ ላይ እንጂ በአቴና ላይ አይደለም።